የሾፌሩ ተሳፋሪ

«ኧረ በሞቴ እንዳይነሱ!»

ሁለት ለቀስተኛ ሴቶች ከግራና ከቀኝ ብብቷ ሥር ገብተው እናትየዋን መልሰው ሶፋው ላይ አስቀመጧት። ልጇ የሻይ ትሪ እንደያዘች ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየቻቸውና እፎይ አለች። ቢያንስ ከተቀመጠች አትወድቅም።

አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ ቤቱ ሰው ተለይቶት አያውቅም። ወንበር የሚዘረጋበት ቦታ ጠቦ ነበርና የእናቷን አራት እግር ያለው መደገፊያ ብረት አጣጥፋ ከመጋረጃው ጀርባ ያቆመችው ልጅየዋ ራሷ ናት። ምግቡም፣ የእጅ ውሃውም ሶፋው ድረስ ይመጣል። ሽንት ቤት ሲያስፈልግ ሁለት ሰው አንጠልጥሎ ይወስዳታል። መኝታ ቤቱ በረጅሙ ኮሪደር ጫፍ ስለሆነ ሌሊቱንም እዚያው ሶፋው ላይ ታድራለች። ሁሉም ከልቡ ነው የሚያደርገው። እናትየዋ ግን ጉልበቷን በመዳፏ ታሻለች፤ ዛሬ ደግሞ ከትናንት ይልቅ ደጋግማ ታሻለች።

«እንግዲህ ከልጇ ጋር መግባቷ ነው» አለች ሬዲዮ፣ ሹክ ያለች መስሏት። ሬዲዮ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ናት፤ ስሙን ያወጣላት ሟቹ ነው፣ ማጥፊያዋ የት እንዳለ አይታወቅም ብሎ። «ምን ምርጫ አላት? የሚያነሳት እሱ ነበር።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዎ፣ ነገሩ በጊዜ ቢያልቅ ይሻላል። ልጄ፣ ዕቃዋን ሰብስቢና ወደ አንቺ ቤት እንውሰዳት። እዚያ አልጋ ይዘጋጅላታል፤ የሚያጎርሳት፣ የሚያገላብጣት ሰው አይጠፋም።»

«የምገላበጥ ፍራሽ ነኝ እንዴ?» አለች እናትየዋ።

ለቀስተኛው መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ አላወቀም። ልጅየዋ ትሪውን አስቀምጣ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እማዬ፣ እኔ ቤት ምን ይጎድልብሻል? እኔ ሥራ ስውል እዚህ ብቻሽን ብትወድቂስ? እንቅልፍ አይወስደኝም እኮ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ልጆችሽ ደረጃ ሲወርዱ እንኳ ዓይንሽን የምትጨፍኚ ሰው ነሽ።»

እውነቷን ነው። አባቷ በነበረ ጊዜም የምትፈራው እሷ ነበረች።

እናቷ ዳሌዋ ተሰብሮ ከሆስፒታል የተመለሰች ሰሞን ከአልጋ መውረድ አትችልም ነበር። ቤት ለቤት እየዞረች የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት መጥታ ለአባቷ አሳየችው፦ እናቷ ከወንበር እንዴት እንደምትነሳ፣ የወጥ ቤቱን መታጠቢያ ይዛ እግሯን እንዴት ወደ ጎን እንደምታነሳ፣ እሱስ የት መቆም እንዳለበት። «ካልጠሩዎት እንዳይነኳቸው» ብላ አስጠነቀቀችው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ትምህርቱን ወዲያው ወደ ራሱ ሙያ ወሰደው። መኝታ ቤቱ መነሻ፣ ወጥ ቤቱ መድረሻ ሆነ፤ ኮሪደሩ መሐል ያስቀመጠው ወንበር ደግሞ ፌርማታ። ብረቱን «መሪ» አለው።

«መሪሽን ያዢ! በአንደኛ ማርሽ!»

«ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው?»

«ከሾፌሩ ጋር ማውራት ክልክል ነው!»

እየሰደበችው ትሄዳለች፤ እሱ ከደከመው እግሯ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሆኖ፣ ሁለት መዳፉን ከፍቶ ይከተላታል። አይነካትም። ልጅየዋ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ይህን አይታ ትጮሃለች።

«አባዬ፣ ያዛት እንጂ!»

«ከያዝኳትማ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም።»

እና አሁን ሶፋው ላይ ሆና እናትየዋ፣ «ብረቴን አምጪልኝ» አለች።

«እማዬ፣ ሰው እያለ?»

«ሰው ስላለ ነው። መኝታ ቤቴ ድረስ በእግሬ ከሄድኩ እዚሁ ቤቴ እኖራለሁ። ካቃተኝ ዕቃዬን ሰብስቢው፤ ትንፍሽ አልልም።» ወደ አጎትየው ዞረች። «ሰምተዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ እሳቸው፣ ምን ሊመጣ ነው በሚል ፊት።

«ሐዘን ተቀምጦ ስፖርት?» አለች ሬዲዮ።

«የቀበርኩት እሱን ነው፤ ያስተማረኝን አይደለም።»

ልጅየዋ ብረቱን ዘርግታ ፊቷ አቆመችላት። እናትየዋ ወደ ሶፋው ጠርዝ ተንፏቀቀች፣ እግሮቿን ወደ ኋላ ሳበች፣ አፍንጫዋ ከእግር ጣቶቿ በላይ እስኪደርስ አጎነበሰች፤ ከዚያ በመዳፎቿ ሶፋውን ገፋች። ትንሽ ብድግ አለችና ተመልሳ ዘጭ አለች። ሶፋው ዝቅ ያለ ነው፤ እግሯም በእነዚህ ቀናት ሥራውን ረስቷል። ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ዘለው ተነሱ።

«ተዉአት!»

የጮኸችው ልጅየዋ ናት። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። ሴቶቹ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀሩ።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «አባትሽ ለምን ይመስልሻል እንደዚያ ያስጨነቀኝ?» አለች ቀስ ብላ። «ሐኪሙ ስለ ልቡ ከነገረው በኋላ ነው የጠነከረብኝ። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ። ሾፌር ቢቀየር ተሳፋሪ አይወርድም ይለኝ ነበር።»

ልጅየዋ ይህን አታውቅም ነበር። ያ ሁሉ የአውቶቡስ ጨዋታ ቀልድ ብቻ ይመስላት ነበር። ዞራ ከእናቷ የደከመ እግር በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብላ ቆመችና መዳፎቿን ከፈተች።

«ወደ ጠርዙ፣ እማዬ። አፍንጫ ወደ ፊት።»

ተነሳች።

ሰዉ ወንበር ወንበሩን እየጎተተ መንገድ ለቀቀ። አጎትየው ማንም ሳያዛቸው ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ከፊቷ ጠቀለሉት። ብረቱ፣ ከዚያ የደከመው እግር፣ ከዚያ ደህናው። ሬዲዮ እንኳ ጠፍታ ነበር። ኮሪደሩ ውስጥ ጥቂት እንደገቡ ጉልበቷ ከዳት፤ የልጅየዋ እጅ ወደ ወገቧ ተወረወረ።

«ጠራሁሽ?» አለች እናትየዋ ሳትዞር።

እጁ ተመለሰ። ልጅየዋ ደረቷ ውስጥ ከፍርሃቱ ጎን ሌላ ነገር ሲነሳ ተሰማት። ይቺ እናቴ ናት፣ ይህንንም የሠራው አባቴ ነው ብላ ለቤቱ ሁሉ መንገር አማራት። እናቷ ፌርማታው ጋ ደረሰች፤ ወንበሩን በዓይኗ ገረፍ አድርጋው አለፈችው።

የመኝታ ቤቱን ደፍ ስትሻገር ከኋላ አጎትየው ተናገሩ። «ዕቃው ባለበት ይቀመጥ።»

«ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እመጣለሁ» አለች ልጅየዋ። «እየሰደብሽኝም ቢሆን እግርሽን እናሠራዋለን።»

እናትየዋ ወደ በሩ ዞረች። ከበሩ ጀርባ የባሏ ካፖርት እንደተሰቀለ ነው። ብረቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችውና ምንም ሳትይዝ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያም በሁለት እጇ፣ ከታችኛው ጀምራ፣ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት፤ ኮሌታውንም አቃናችለት።