የምጥ ጩኸት ልምምድ

ዳምቦያ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቀናቸው የደረሰ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸውን የሚጠብቁበት አንድ ክፍል አለ፤ የእናቶች ማቆያ ይባላል። እኔ እዚያ የገባሁት ሳልወድ ነው። የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚያው ወልዶ የቀረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ዳምቦያ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሱራፌል ለሥልጠና ሐዋሳ ሲሄድ፣ አዋላጇ ሲስተር ቤቴል «ሰብሌ፣ ብቻሽን ቤት ተቀምጠሽ ምጥ ቢመጣብሽ ማንን ትጠሪያለሽ?» ብላ አፋጠጠችኝ። የምጠራው ሰው ስላልነበረኝ ኩርፊያዬንም ቦርሳዬንም ይዤ ገባሁ።

ኩርፊያው አንድ ቀን አልቆየም። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ጣቢታና ማራኪ ነበሩ። እርጉዝ ሴቶች አንድ ላይ ሲሆኑ እንዴት እንደሚስቁ ያላየ ሰው ሳቅ አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። አንዷ ከአልጋ ለመነሳት ስትታገል ሁለታችን ልናነሳት እንሄድና ሦስታችንም እዚያው አልጋ ላይ እንቀራለን። እግራችንን ካየነው ሰንብተናል። አንድ ጠዋት ጣቢታ በአንድ እግሯ የእኔን ጫማ በሌላው የማራኪን አድርጋ እስከ ምሳ ስትዞርበት ዋለች፤ እኛም አንድ እግራችን ባዶ ሆኖ ጫማችንን የሰረቀውን ሰው ስንረግም ዋልን። የማናወራው ነገር አልነበረም። የቃሩን፣ የባሎቻችንን ማንኮራፋት፣ ሕፃኑ ሽንት ፊኛ ላይ ሲቀመጥ የሚያደርገውን ሁሉ እናወራለን፤ ስንስቅ ደግሞ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ይመጣል፤ መሮጣችንን አይተን እንደገና እንስቃለን።

ጣቢታ የሆሳዕና ሀድያ ናት። የቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ ስለሆነች ድምፅዋ ሰፈር ያናውጣል። ባሏ ሚክያስ ሚኒባስ ይነዳል። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው እዚያው ሚኒባስ ውስጥ፣ አዲሎ ሳይደርሱ ነው። ሁለተኛውን እንደ ሰው አልጋ ላይ ካልወለድኩ ብላ ቀኗ ሳይደርስ ተሸክፋ መጣች።

ማራኪ ከሁላችንም ታናሽ ናት። የከምባታ ልጅ ናት፣ ልጇም የመጀመሪያዋ ነው። ቤታቸው መኪና የማይወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ባሏ ሆሴዕም ለሥራ ሩቅ አገር ነው። ወደ ጤና ጣቢያው ያመጧት የባሏ አባት ጋሽ ዕንባቆም ናቸው። ካመጧት በኋላም አልሄዱም። ዳምቦያ ዘመድ ቤት እያደሩ፣ ቀኑን ሙሉ አጥሩ ጥግ ካለው ዋንዛ ሥር ቁጭ ይላሉ። ወተቱንም ቆጮውንም በሲስተር ቤቴል እጅ ይልካሉ እንጂ ወደ ክፍላችን አይጠጉም።

የማይጠጉት ለማራኪ ብለው ነው። የከምባታ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ፊታቸውንም ቀና ብላ አታይም። ባሊሻ ይሉታል። እንደ ስማቸው በ«እን» የሚጀምር ቃል እንኳ ቢሆን ትሸሸዋለች። ዛሬ ዛሬ ብዙዎቹ ትተውታል። ማራኪ ግን አያቷ ያሳደገቻት ስለሆነች አንድም አላጎደለችም። ደንቡ ለከምባትኛ ሆኖ ሳለ በአማርኛም ትጠብቀዋለች፤ እንቁላልን «የዶሮ ፍሬ» ነው የምትለው። እኔ ነገረኛዋ «እስቲ እንቅልፍሽን ምን ትይዋለሽ?» ብላት «ዓይኔ ሲዘጋ» አለችኝ። ጣቢታ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወሬያችን ምጥ ሲመጣ ማን ምን ብሎ እንደሚጮህ ሆነ። እኔ እንደ እናቴ ማርያም ማርያም እንደምል ተናገርኩ። ጣቢታ ጌታ ሆይ እንደምትል ገለጸች፤ ከዚያ ግን ትንሽ አሰበችና፣ እውነቱን ለመናገር ባለፈው ሚኒባስ ውስጥ ስትጮህ የነበረው «ፍሬን ያዝ» እያለች መሆኑን አመነች። ሆዳችንን ይዘን ስቀን ስቀን ወደ ማራኪ ስንዞር ማራኪ እያለቀሰች ነው።

ነገሩን ቀስ ብለን አወጣጣናት። የሆሴዕ አክስት ገነቴ፣ ዛሬ አሮጊት ናቸው፣ በወጣትነታቸው በምጥ መካከል የባላቸውን አባት ስም ጠርተው ነበር። ሰውየው ከሞቱ ዘመን አልፏል። ሰርግ በመጣ ቁጥር ግን አንዱ ተነስቶ ያንን ታሪክ ያወራዋል፤ ገነቴም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይጥላሉ። ማራኪ የፈራችው ይህንኑ ነው። እኔም በሞኝነቴ፣ ስንት ስም እያለ ለምን የእሳቸውን ትጠሪያለሽ አልኳት።

«ሁልጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው» አለች። «ስለምጠብቀው ነው መሰለኝ አይርቅም። አባቴ ሲሞት ሕፃን ነበርኩ። አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል አልፈራም ነበር። እዚያ ዛፍ ሥር እያሉ ካዋረድኳቸው በምን ዓይኔ ወደ ቤታቸው እመለሳለሁ?»

መላዋን አዘጋጅታለች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣት ልትወልድ ነው። ሲስተር ቤቴል ይህን ስትሰማ ተቆጣች። ትንፋሽሽን ካፈንሽ ጉልበትሽ ያልቃል፣ ልጁም ይጎዳል፣ አፍሽን ከፍተሽ ነው የምታምጪው አለቻት። ማራኪ እሺ አለች። እሺ አባባሏን ግን ማናችንም አላመንናትም፤ ትራሷ ሥር ያጠፈችውን ነጠላ አይተነዋል።

ያን ጊዜ ነው ጣቢታ መፍትሔውን ያመጣችው። አፍሽ የሚጮኸው ካለው ሌላውን ይረሳል አለች። ታዲያ ምን ትጩህ? ማርያም እንዳትል ጴንጤ ናት። ጌታ ሆይ ትበል ስንል ደግሞ፣ ጸሎት ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ ለምዳ አታውቅምና ገና ስትጀምር ታፍራለች። ጣቢታ የባሏን ሥራ አሰበች። ረዳት ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፣ አያፍርም፣ ሌላ ቃልም አያመልጠውም። በይ፣ እንደ ረዳት የከተሞቹን ስም ጩኺ አለቻት።

ልምምዱ ወዲያው ተጀመረ። ጣቢታ መስኮቱ ጋ ቆማ በዚያ በመዘምራን ድምፅዋ «ሺንሺቾ ሺንሺቾ ሺንሺቾ!» አለች። እኔ «አዲሎ! የቀረ አዲሎ!» ብዬ ተቀበልኳት። ማራኪ መጀመሪያ እንደ ሚስጥር ነበር የምትለው። ቀስ በቀስ ግን አንገቷ ቀና አለ፣ እጇ ወጣ፣ «ሺንሺቾ!» ስትል ክፍሉ ተናጋ። ከዚያ ድንገት በሩ ተንኳኳ። ሁለት ዶሮ በእጇ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት፤ መኪናው የት እንደቆመና ስንት ሰው እንደቀረው ልትጠይቅ መጥታለች። ጣቢታ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ «እናቴ፣ ይቅርታ፣ ሞልቷል» አለቻት። ሴትዮዋ ሦስታችንንም አንድ በአንድ አየችና አዎ፣ እውነትም ሞልቷል ብላ ዶሮዎቿን ይዛ ተመለሰች። በመስኮት አጮልቄ ስመለከት ጋሽ ዕንባቆም ዋንዛው ሥር ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተዋል።

የማራኪ ምጥ የመጣው ከዚያ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን፣ ምሳ ላይ ነው። ሲስተር ቤቴል አብሬያት እንድሆን ፈቀደችልኝ፤ ሁለት ትልልቅ ሆድ በአንድ በር እንዴት እንዳለፈ አሁንም አላውቅም። ልምምዳችን ሠራ። ምጡ በመጣ ቁጥር ማራኪ እጄን ጨምቃ «ሺንሺቾ!» ትላለች፤ ሲያልፍ እንስቃለን። «አዲሎ!» ትላለች፤ እንስቃለን። ሲስተር ቤቴል በዘመኗ እንዲህ ያለ ምጥ አላየሁም ብላ እሷም ትስቃለች። ነጠላው ትራስ ሥር እንዳለ ቀረ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ዝናብ መጣ። የዳምቦያ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ጋሽ ዕንባቆም ከዋንዛው ተነስተው መጠለያ ፈለጉና፣ ከቦታው ሁሉ መርጠው የማዋለጃ ክፍሉ መስኮት ሥር፣ ከጣሪያው ክፈፍ በታች ቆሙ። ባርኔጣቸው ከመስኮቱ ጠርዝ በላይ ይታየኛል። ጣቢታ ሮጣ ወጥታ ወደ ማቆያው እንዲገቡ ለመነቻቸው፤ እዚህ ይሻለኛል አሉ። ማራኪ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስለነበር ባርኔጣውን አየችው። ከዚያ ወዲያ ሺንሺቾም አልወጣትም። ከንፈሯን ነከሰች።

ሲስተር ቤቴል መሳቋን ተወች። ግፊ ትላታለች፣ ማራኪ ትንፋሿን ታፍናለች። አፍሽን ክፈቺ ትላታለች፣ ማራኪ ራሷን ትነቀንቃለች። ፊቷ ጠቆረ። ሲስተር ቤቴል የሕፃኑን የልብ ምት አዳመጠችና እኔን ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየቷ ደስ አላለኝም። እኔም ፈራሁ፣ ከልቤ ፈራሁ። ጆሮዋ ላይ ተጠግቼ የዓለሙን ከተማ ጠራሁላት። ሆሳዕና አልኩ፣ ዱራሜ አልኩ፣ አንጋጫ አልኩ። ምንም።

ከዚያ ትልቁ ምጥ መጣ። ዝናቡም እንደ አመጣጡ ድንገት ቀጥ አለ። ማራኪ አፏን ከፈተች።

«ዕንባቆም!»

ጋሽ እንኳ አላለችም። ግቢው ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ማራኪ በገዛ ድምፅዋ ደንግጣ በእጇ አፏን ልትይዝ ስትል፣ ከመስኮቱ ውጭ፣ ትልቅ ሰው ሲጠራቸው ልጆች እንደሚመልሱት ያለ ድምፅ ሰማን።

«አቤት!» አሉ ጋሽ ዕንባቆም። «አቤት ልጄ፣ አለሁ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር። ፊታቸውን ግን ወደ መስኮቱ አላዞሩም። ሲስተር ቤቴል የማራኪን እጅ ከአፏ ላይ አነሳችና «በይ፣ እየገፋሽ ጥሪያቸው» አለቻት። ማራኪ ጠራቻቸው። አቤት አሉ። እንደገና ጠራቻቸው፤ አሁን የተጠራቀመውን የዓመታት ዝምታ ሁሉ ነው የምታወጣው። አቤት፣ አቤት እያሉ እሳቸውም መጮህ ጀመሩ። ገበያተኛው አጥሩ ላይ ተሰብስቧል። በዚያ ሁሉ አቤት መካከል ሕፃኗ ወጣች፣ አለቀሰችም፤ ጣቢታ ከውጭ እልልታውን አቀለጠችው። እኔ ደግሞ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ሳላውቅ መሬቱ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ፤ የሚያነሳኝ ጠፍቶ ሲስተር ቤቴል ሕፃኗን ጠራርጋ እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

ማራኪ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አዋረድኳቸው ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። ጋሽ ዕንባቆም በሩ ድረስ መጡ። አልገቡም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«ሆሴዕ ሲወለድ እናቱ ስሜን ስትጠራ ነበር አሉኝ» አሉ። «እኔ አዲሎ ገበያ ነበርኩ። ነፍሷን ይማርና፣ ማን እንደመለሰላት እስከ ዛሬ አላውቅም። ዛሬ ግን ነበርኩ።»

ነጠላው ከማራኪ ፊት ላይ ወረደ።

በማግስቱ ማራኪና ጋሽ ዕንባቆም፣ ሚክያስ ሚኒባሱን አምጥቶ እስከ ዳገቱ ግርጌ እንዲያደርሳቸው ሲጠብቁ የእኔ ምጥ ጀመረ። ማርያም ማርያም ብዬ በወጉ ጀመርኩ። መሐል ላይ ግን አፌ ከዳኝና «ሺንሺቾ!» አልኩ። ከውጭ የጋሽ ዕንባቆም ድምፅ «ሞልቷል!» ብሎ መለሰልኝ። ወንድ ልጄ በሳቅ ነው የተወለደው ብል ማንም አያምነኝም፤ ሲስተር ቤቴል ግን ምስክሬ ናት። ጣቢታም በሳምንቱ አልጋ ላይ ወለደች፣ ሚኒባሱ ግቢው በር ላይ ቆሞ እያለ።

ልጄ ትንሽ ጠንከር ሲል ማራኪን ልጠይቅ ዳገቱን ወጣሁ። ቡላ ገንፎ በቅቤ ቀረበልኝ፤ ከጎኑ የተቀቀለ ነገር አስቀመጠችና «የዶሮ ፍሬም ብዪ» አለችኝ። ምንም አልተለወጠችም ማለት ነው። የጋሽ ዕንባቆምንም ስም ከዚያ ቀን ወዲህ አንዴም አልጠራችውም። እያወራን ሳለ ከእንሰቱ ጓሮ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ጋሽ ዕንባቆም ከሥራ መመለሳቸው ነው። ድሮ ምራታቸው እንድትሸሽ በሩ ጋ ሲደርሱ ያስሉ ነበር አሉ።

አሁን አላሳሉም። ከደጅ ቆመው «አቤት!» አሉ።

ማን ጠራቸው ብዬ ማራኪን አየኋት። ልጇን እያጠባች ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ ትስቃለች።