የዑመርን ፊት መሸፈን

ዑመር ከበሩ አላልፍም አለ። «አንተ ግባና የፎቶውን ነገር ጨርሰው፤ እኔ እዚሁ እጠብቅሃለሁ» ብሎ የጃኬቱን ኮፍያ ግንባሩ ድረስ ሳበው።

«ስንት ዓመት የገባህበት ቤት ነው እኮ!» አለው ኢስሀቅ።

«ያኔ ሌላ ነው። አሁን ሰው ቢያየኝስ?»

ወንድ ከወንድ ጋር ተቃቅፎ የሚደንስበት ይህ አሮጌ የዙሪክ ቡና ቤት ሊዘጋ ነው። የግድግዳው ፎቶዎች የእንዲህ ዓይነት ቤቶችን ታሪክ ለሚያሳይ ኤግዚቢሽን ወደ ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ ይሄዳሉ። ከፎቶዎቹ በአንዱ ኢስሀቅና ዑመር ግንባር ለግንባር ገጥመው ይደንሳሉ። ፕላንፓሌ ደግሞ የዑመር እጮኛ ሉበና የምትማርበት ሰፈር ነው። ኒካው ለእሑድ ተቆርጧል፤ ሚዜው ኢስሀቅ ነው። «ሚዜ ሁነኝ» ያለው ዕለት ኢስሀቅ ባቡር ውስጥ እንደ ፈዘዘ መውረጃው የዲቲኮን ጣቢያ አልፎት ነበር።

«ምን ላድርግ ኢሱዬ? እማዬ ከደሴ እየደወለች ‹ሳልሞት ልዳርህ› ትላለች።»

«ሉበናስ ታውቃለች?»

ዑመር ፊቱን ወደ ትራሙ ሐዲድ አዞረ።

ውስጥ፣ የቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ሄር ቬርነር ፎቶዎቹን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ።

«መጣህ! ያ ቆንጆስ?»

«ውጭ ነው። ሊያገባ ነው።»

የሽማግሌው እጅ ቆመ። ኮርኒሱ ላይ ወዳለችው ቀይ አምፖል በአገጫቸው አመለከቱ። «በወጣትነቴ ፖሊስ ሲመጣ እሷ ትበራ ነበር። ያኔ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የተቃቀፈው ሁሉ ይላቀቅና ወንዱ አጠገቡ ያለችውን ሴት ይዞ ይደንሳል።»

«ስትጠፋስ?»

«አብዛኛው ይመለሳል። አንዳንዱ ግን የያዛትን ይዞ ይወጣል።»

ኢስሀቅ ፎቶውን አነሳ። ዑመር ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል፤ የለበሰው ሸሚዝ የኢስሀቅ ነው።

«እንዳይታዩ የጠየቁትን ፊታቸውን እየሸፈንን ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ጥቁር ፕላስተር እየቆረጡ። «ሁለታችሁንም?»

ኢስሀቅ አንዱን ቁራጭ ተቀብሎ የዑመር ፊት ላይ ለጠፈው። የሚያመው ይመስል ቀስ አድርጎ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ሁለተኛው ቁራጭ ሲቀርብለት ራሱን ነቀነቀ።

«የኔን ይተዉት።»

ሲወጣ ዑመር ክንዱን ያዘው። «ሸፈንከው?»

«ያንተን ሸፍኛለሁ።»

«አላህ ይስጥህ! ወንድሜ ነህ እኮ!» አለ ዑመር። ስለ ኢስሀቅ ፊት ግን አልጠየቀም። ትራሙ ሲደርስ ዘሎ ገባ። «ና እንጂ! የሚዜ ሱፍ እንለካ!»

ኢስሀቅ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ሌላ ሚዜ ፈልግ» አለው።