በረንዳ ያለው ክፍል

ስሂን ለዘንድሮ ያላት ቬኬሽን አንድ ነው፤ ወይ ለአላስካ፣ ወይ ለደሴ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማቸው ሶፋ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ወደ ባሏ ወደ መርዕድ አዞረችው። ትልቅ መርከብ በበረዶ ተራሮች መሀል ሲያልፍ ይታያል።

«ልቤ ግን እታለም ጋ ነው» አለች። እታለም የምትላት ታላቅ እህቷን ዘርትሁንን ነው፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። «ሰሞኑን ስደውል አታነሳም። ይኼን ትቼ ደሴ ብሄድስ?»

መርዕድ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «ስልኳ ተበላሽቶ ነው አሉ እኮ። ደሴን ለከርሞ እናደርገዋለን። ይልቅ በረንዳ ያለውን ክፍል ያዥ፤ ዓሣ ነባሪ እናያለን።»

እሱ እቴ፣ ለአንዲት ጃኬት ርካሽ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የሚያንከራትታት ሰውዬ፣ በረንዳ አማረው። ስሂን ግን ምኑን ትጠርጥር፣ ደስ አላት፤ ቡክ አደረገች። ወፍራም ካልሲ ገዛች፤ ሥራ ቦታ ላገኘችው ሁሉ የድብ ፎቶ ስታሳይ ሰነበተች።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የአክስቷ ልጅ መንገሻ ነው፣ እዚያው አጠገባቸው ካለችው ከአሌክሳንድሪያ፤ ከኋላው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ስሂን ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። እታለም ብላ እዚያው ወለሉ ላይ ወደቀች።

ለቅሶው ጋብ ሲል ወደ መርዕድ ዞረች።

«መርከብ ስመርጥ በሕይወት ነበረች?»

መርዕድ አንገቱን ደፋ። «ታማ ነበር። በሰው አገር እንዳትደነግጭ፣ አትንገራት አሉኝ። ለአንቺው ብለን ነው።»

ለእሷው ብለው። ለእሷው ብለው ካልሲ አስገዟት። ስሂን ስልኳን አነሳችና ደሴ ለእታለም ልጅ ለቤዚ ደወለች።

«እስከ መጨረሻው አንቺን ስትጠይቅ ነበር» አለች ቤዚ እያለቀሰች። «እንዳይከፋት ብለን ‹ተሳፍራለች፣ መንገድ ላይ ናት› እንላት ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር። አንቺን መስሏት።»

ስሂን ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችና መርዕድ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«ቤዚዬ፣ እስቲ ያልሽውን ድገሚው» አለች። «መርዕድም ይስማ።»

ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው።