ዝናብ የዋጠው ጡሩምባ

«ዝናቡ ነው እኮ ሀጀራዬ! ዝናቡ የጡሩምባውን ድምፅ ዋጠውና አንድ ሰው እንኳ ሳይሰማ ቀረ» አለ አስፋው፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ። «ብንሰማ ኖሮማ ቤቱ የሚቀመጥ ወንድ ነበር?»

ሀጀራ ራሷን ነቀነቀች። ከጠዋት ጀምሮ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ወንድ ሁሉ ጎንበስ ብሎ በበሯ ሲገባ ይህንኑ ነው የሚላት። አንዳንዱማ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ከማለቱ በፊት ዝናቡን ያነሳል። ዝናብ አፍ ቢኖረው ኖሮ በዚያ ሰሞን ቆቦ ላይ ይህን ያህል ከሳሽ ባልበዛበት ነበር።

አስፋው «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ወደ ወንዶቹ ድንኳን ወጣ። ማሳው ከቦዩ አናት ላይ ነው፤ ከሟች ጋር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ቆፍሯል።

ሟቹ ባሏ ዒምራን ነው። የዚያ ሜዳ ገበሬ ከላዩ ከሚዘንብለት ይልቅ ከምዕራብ ተራሮች ተንደርድሮ በሚወርድለት ጎርፍ ነው ማሽላውን የሚያበቅለው። ጎርፉ ሲመጣ ወንዙን በአፈርና በእሾህ ገድቦ፣ ወደ ቦይ ጠልፎ፣ ከማሳ ማሳ በተራ ማዳረስ ያስፈልጋል። የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ዒምራን የውሃ አባት ነበር፤ ተራ የሚያስከብረው፣ የቀንድ ጡሩምባውን ነፍቶ ሰዉን ወደ ግድቡ የሚያስወጣው እሱ ነው። ባለፈው ሐሙስ ምሽት ግን ግድቡ ላይ ብቻውን ነበር። ግድቡ ሲደረመስ ይዞት ሄደ። በማግስቱ ከወንዙ ታች፣ ግራር ሥር ተይዞ ያገኙት ግመል ነጂዎች ናቸው። ሀጀራ ያን ዕለት ጎብዬ፣ አራስ ሴት ልጇ ዘንድ ነበረች።

አርብ ዕለት የቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ጥሪ ሲሰማ አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እስላሙም ክርስቲያኑም አካፋና ዶማ ይዞ መቃብሩን ለመቆፈር ተሻማ። ቃሬዛውን እኔ ልያዝ እኔ ልያዝ ሲሉ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ይህን የነገሯት ሴቶች ልቧን ሊያሞቁላት ብለው ነበር፤ ልቧም ለጊዜው ሞቀ።

ከፈለች ንፍሮዋን በሰፌድ ይዛ ገባችና አጠገቧ ተቀመጠች። የአላምረው ሚስት ናት፤ ማሳቸው ከቦዩ ጫፍ፣ ከሁሉም በታች ነው፤ ቤታቸውም ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ቀንዱ ወደ እነሱ ዞሮ ካልተነፋ አይሰሙም።

«ያን ምሽት ተራው የእኛ ነበር» አለች ከፈለች፣ ሌሎቹ ሴቶች እንዳይሰሙ አንገቷን ደፍታ። «አላምረውን ወባ ጥሎት ተኝቶ ነበር፤ ዛሬ ነው የተነሳ። ዒምራን ሊጠይቀው መጥቶ ‹አንተ ተኛ፣ ውሃህ አይቀርብህም፤ እኛ አለን› ብሎት ሄደ። ‹እኛ› ነው ያለው፣ ሀጀራ። ሰው አለኝ ብሎ ነው የሄደ።»

ሀጀራ እጇን ጨበጠቻት። «እኛ» ዒምራን አፍ ላይ የማይጠፋ ቃል ነበር፤ እሷ እንኳ አንዳንዴ ትቀልድበት ነበር።

በተለይ ወንድሟን ኑሀን ይህ «እኛ» አይጥመውም። የዛሬ ዓመት ይመስላታል፣ እዚሁ ቤት ቁጭ ብሎ ከዒምራን ጋር ተጨቃጨቁ። የኑሀም ማሳ ከላይ ነው።

«ውሃው በደጄ እያለፈ እኔ ተራ የምጠብቀው ለምንድን ነው? የሚስትህ ወንድም አይደለሁም እንዴ?»

«በደጅህ ያልፋል እንጂ ያንተ አይደለም» አለ ዒምራን፣ እየሳቀ። «ዕጣህን ጣል።»

ዕጣው እንዲህ ነው፦ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የአገዳ ስባሪ ይጥላል፤ ከዚያ የትኛው የማን መሆኑን የማያውቅ መንገደኛ ይጠራና ያነሳል። ከላይም ሁን ከታች፣ ነባርም ሁን ጦርነቱ ከቀዬህ ያፈናቀለህ፣ ጠጠር ጠጠር ነው።

ኑሀ አልረታ ሲል በሌላ በኩል መጣ። «እሽ ይሁን። ይህን ቀንድስ ምን ታደርገዋለህ? ስልክ እያለ!»

«ስልክ ያወቅኸውን ሰው ነው የሚጠራልህ። ቀንድ ሲነፋ ሁሉም እኩል ይሰማል።»

ኑሀ ያኔ ስቆ ተወው። ዘንድሮ ዕጣው ለላይኞቹ ቀድሞ ወጣላቸው። አስፋው አጠጣ፣ ኑሀ አጠጣ፣ ከዚያ የታችኞቹ ተራ ደረሰ።

ቀኑ ወደ ማታ ሲያዘነብል የወንዶቹ ድንኳን ሞቅ አለ። ድንኳኑ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ስለተተከለ ሀጀራ የተቀመጠችበት ድረስ ወሬው ይሰማል። ዱዓው አልቆ ጫቱ ቀርቧል፤ ሰዉ የሟችን ደግነት ያነሳል። በየመሀሉ የኑሀ ድምፅ ጎላ ይላል። ኑሀ ሲያለቅስም ሲስቅም ድምፁ አይበርድለትም፤ ከልጅነቱ ነው። እናታቸው በሞተች ጊዜ ከዋጃ እስከዚህ አዝላ ያመጣችው ሀጀራ ናት። ዒምራን ሊያገባት ሲጠይቅ «ይህን ልጅ ይዤ ነው የምመጣ» አለችው፤ እሱም ሠርጉ ሳይደርስ ለልጁ ጫማ ገዝቶ መጣ።

«አይ ዒምራንዬ!» ይላል ኑሀ ከግድግዳው ማዶ፣ እንባ በሚተናነቀው ድምፅ። «ተስፋ መቁረጥ አያውቅ! ያ ቀንዱ እንኳ እንደ ጥጃ እየጮኸበት...»

አንድ ሰው ሳቅ ጀመረና ተወው። ሌላው «ዝም በል፣ አንተ!» አለ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ጸጥ አለ።

ሀጀራ ወደ አፏ የወሰደችውን ንፍሮ ሰፌዱ ላይ መለሰችው።

ቀንዱ የተሰነጠቀው ሐሙስ ጠዋት ነው። እሷ ወደ ጎብዬ ልትሄድ መኪና ስትጠብቅ፣ የጎረቤት ግመል በር ላይ ረገጠችው። ዒምራን ስንጥቁን በብስክሌት ጎማ ቁራጭ አሰረና ግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ ሞከረው፤ እምቧ አለ። «ጥጃ ጠፋባቸው ይሉናል!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳቀ። ከእሷ ሌላ የሰማው አልነበረም። ማታውኑ ይዞት ወደ ግድቡ ሄደ። ግመል ነጂዎቹ ጫማውንና ቀንዱን ከግድቡ ዳር አንስተው ሲያመጡላት፣ በሽርጡ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ነው የከተተችው። ማንም አላየውም።

ድምፁ እንደ ጥጃ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ያን ምሽት የሰማ ሰው ብቻ ነው።

ሰምቷል። ዝም በል ያለውም ሰምቷል። የሳቀውም፣ ጸጥ ያሉትም ሁሉ ሰምተዋል። ሀጀራ ባሏን ጎርፍ በላው ብላ ነበር ያለቀሰችው፤ ጎርፍን ደግሞ ሰው አይቀየምም። አሁን ግን ዒምራን እየነፋ፣ እየጠበቀ፣ ደግሞ እየነፋ ሲቆም ታያት፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ በየቤታቸው ብርድ ልብስ ሲስቡ። እንባዋ ደረቀ። ንዴት ነው እንዳይባል ከንዴት በላይ ነው። ያሳደገችው ልጅ ነው የካዳት።

በዚህ መሀል ነፋሱ ተቀየረ። የምዕራቡ ተራራ ጠቁሮ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ እስከ ቤት ገባ። ድንኳን ውስጥ ያሉት ወንዶች ተቁነጠነጡ። ጎርፍ ሊወርድ ነው። ግን የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ሳይፈጸም፣ ባለለቅሶዋ ካልፈቀደች በቀር ከቅሬው አንድም ሰው አካፋ አያነሳም። ቀንዱም እሷ ቤት ነው።

የቅሬው ዳኛ ሼህ ኡበይድ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ተደፍሮ የሚጠየቅ አልነበረም...» ብለው ቀሪውን ለኑሀ ተዉለት።

ኑሀ ከኋላቸው መጣ። ታችኞቹ ሐሙስ ያጡትን አርብና ቅዳሜ ያለ አካፋ በራሱ ሞልቶ በፈሰሰው ስላካካሱ፣ አስቀድሞ በወጣው የሁለተኛ ዙር ዕጣ ተራው የእሱ ሆኗል።

«እታለም» አለ። «ተራው የእኔ ነው። ማሽላው ሊደርቅ ነው። ቀንዱን ብትሰጪኝና ሰዉ ቢወጣ...»

ሀጀራ ዒዳ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበት ጊዜ፣ ላይ ስለሆነች ከደጃፉ አታልፍም። ደፉ ላይ ቆማ አየችው።

«ሰምተህ ነበር?»

ኑሀ መሬት መሬት አየ። ሼህ ኡበይድም አብረውት መሬት ያዩ ጀመር።

«እኔ ብቻ አይደለሁም» አለ በመጨረሻ። «የእኔ ማሳ ጠጥቶ ነበር... ሌላው ይወጣል ብዬ ነው፣ እታለም። በአላህ! ሁሉም ሌላው ይወጣል ብሎ ነው።»

«እሱ ግን የወጣው ለራሱ ውሃ አልነበረም» አለችው። «ለአላምረው ነበር። ያንተም ሲሆን ይወጣ ነበር።»

ከተራራው ወገን ጎርፉ ማጉረምረም ጀመረ።

«የለም» ማለት ትችላለች። አንድ ቃል ናት፤ ማንም አይፈርድባትም። ማሳው ይድረቅ፣ እሱም በተራው ይጥራና ይጣ። ቃሏ አፏ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ያን ማሽላ ከኑሀ ጋር የሚበሉት ልጆቹ ናቸው፤ ደግሞ ተራ ተራ ነው፤ ዒምራን የሞተው በዚህ ነው።

ገባች። ሽርጡን ፈታች። ጎማው ውሃ ነክቶት ላልቶ፣ ስንጥቁ አፉን ከፍቷል። ጎማውን ጣለችው። ከራሷ ሻሽ ጠርዙን በጥርሷ ይዛ ቀደደች፣ ስንጥቁ ላይ እየደራረበች ጠመጠመችው፣ አጥብቃ ቋጠረችው። ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ሞከረችው። እንደ ጥጃ አልጮኸም፤ እንደ ድሮው ጠራ።

ደጃፉ ላይ ተመልሳ በሁለት እጇ አቀረበችለት።

«ወደ አላምረውም ቤት ዞረህ ንፋ» አለችው። «አሁን ይሰማል።»

ኑሀ እጁን ዘርግቶ ያዘው። እሷ ግን ቶሎ አልለቀቀችውም።