ያላገባ ይዝመት

«ፎቶግራፉ የወታደር ልብስ የለበሰበት ቢሆን ይመረጣል» አሉ አቶ ትሬንት።

የዊልበርት መርዶ ከፈረንሳይ ጦር ግንባር በቴሌግራም ከደረሰ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሎርን ከተማ ሰው ሾርባና ዳቦ እየያዘ ሲገባ ሲወጣ ሰንብቷል። ዊልበርት ገንዘብ ከፋይ የነበረበት ባንክ ሥራ አስኪያጅ አቶ ትሬንት ግን ብቅ ያሉት ዛሬ ገና ነው።

«አዳራሻችን ግድግዳ ላይ ከነስሙ እንሰቅለዋለን። የባንኩ ልጅ ነበር።»

እናቱ ወይዘሮ ኬይን ከሶፋው ላይ ቀና ብለው አዩዋቸው። ሻይ ትቀዳ የነበረችው እጮኛው ሄስተር ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

ባንኩ ውስጥ ሌላው መስኮት ባዶ ሆኖ እንኳ ገበሬዎች የሚሰለፉት ዊልበርት ጋ ነበር። ማንበብ ለማይችለው ደብዳቤውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳያሳፍር ያነብለታል። ከሁለት ዓመት በፊት በባንኩ ደንብ መሠረት ለማግባት ፈቃድ ሊጠይቅ እኚህ ሰው ቢሮ ገባና ጆሮው ቀልቶ ወጣ።

«ምን አሉህ?» አለችው ሄስተር።

«ደመወዝህ ሳያድግ ሚስት የለም። ካገባህ ሌላ ሥራ ፈልግ።» ሊስቅ ሞከረ። «እኔ አንቺን ያጨሁ መስሎኝ፣ ለካ ባንኩ አግብቶኛል።»

በዓመቱ አቶ ትሬንት ሠራተኞቹን ሰብስበው «ባለትዳር ይቆይ፤ ያላገባ ይዝመት» አሉ። ዊልበርት ዘመተ።

ወይዘሮ ኬይን ያላቸውን አንድ ፎቶግራፍ አውጥተው ሰጧቸው። ዊልበርት ከነወታደር ልብሱ ቆሟል፤ ክንዱን የያዘችው ሄስተር ናት።

«ግድ የለም፣ እሷን ቆርጠን እናወጣታለን» አሉ አቶ ትሬንት።

«አንድ ጊዜ ቆርጠውኛል እኮ!» ሄስተር ጮኸች። «እንዳያገባኝ የከለከሉት እርስዎ! ያላገባ ነው ብለው የላኩት እርስዎ! ዛሬ ልጃችን ሆነ?»

«የኔ ልጅ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም…»

«ዝመት ያሉትስ? እሱም ደንብ ነበር?»

ሰውየው ወደ እናትየው ዞሩ። «ሐዘን ነው የሚያናግራት። ቤተሰቡ እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይወስኑ።»

ወይዘሮ ኬይን እጃቸውን ዘረጉ። «ፎቶዬን ይመልሱልኝ። ልጄ የለመነዎት ሚስት ነበር፤ ግድግዳ አይደለም።»

አቶ ትሬንት ሻዩን ሳይቀምሱ ወጡ። ወዲያው ሌሎች ለቅሶ ደራሾች አንኳኩ። ሄስተር ወደ ወጥ ቤት ልትሸሽ ስትል፣ ወይዘሮ ኬይን ቀሚሷን ያዝ አደረጓት። ሶፋው ላይ ጠጋ ብለው፣ ለቅሶ ደራሹን አብራቸው እንድትቀበል አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።