አምስተኛው ጥያቄ

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠባቧ ክፍል ስትገባ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ማውረድ ረስታ ነበር። ከስፌት ክፍሉ ስትወጣ መቀሱንና መርፌውን ቆጥረው ይቀበሏታል፤ ሜትር ግን ማንንም አይወጋምና ልብ ያለው የለም። ታላቅ እህቷ ቀድማ ደርሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ከጠረጴዛው ወዲያ ነርሱ እርሳሱን ይቀርጻል። በሽተኞቹ «አቶ ነጥብ» ነው የሚሉት፤ እሱም ቅጽል ስሙን ያውቃል፣ ደስም ሳይለው አይቀርም።

«እትዬ፣ ከስተሻል» አለች እህቷን አገላብጣ ስማ እየተቀመጠች። ወዲያው ዓይኗ የእህቷ የከሳ ፊት ላይ ሳይሆን የቀሚሷ ጠርዝ ላይ አረፈ፤ ስፌቱ ተተርትሯል። ቤት እንደደረስን እሰፋዋለሁ ብላ አሰበች። ሻንጣዋ ከጠዋት ጀምሮ ተሸክፎ አልጋዋ ላይ ነው።

ሶስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሆስፒታል የተጠየቀችው ስለ በሽታዋ ብቻ ነበር። ድምፅ ትሰሚያለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ራስሽን ለመጉዳት ታስቢያለሽ? መልሷ ከተስተካከለ ዓመት አልፎታል፤ ቢሆንም ከግቢው የሚያስወጣት አልተገኘም። ከዚያ ዋናው ሀኪም አዲስ ወረቀት አመጡ። «በሽታ የለም ማለት ጤና አለ ማለት አይደለም። ደስታቸውን፣ ተስፋቸውን፣ ከሰው ጋር ያላቸውን ኑሮ እንለካ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ልብስ ሰፊዋም ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ስትለካ የኖረች ናትና ወረቀቱን ወደደችው። ጠዋት የራሷን አስር ጥያቄዎች መልሳ ከአርባ ሠላሳ ስድስት አገኘች። አንዲት ነጥብ አላጭበረበረችም። ወደ ልጇ ልትሄድ ነው፤ ደስ ሳይላት ምን ሊላት ኖሯል!

የቀረው የቤተሰብ ክፍል ነው፤ አምስት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከአራት። ከሀያው አስራ አራት ከሞላ ዛሬውኑ ከእህቷ ጋር ትወጣለች። ካልሞላ ቀጣዩ ልኬት የዛሬ ዓመት ነው። ዋናው ሀኪም ሰው በሌለበት የሚጻፍ ነገር ስለማይወዱ፣ ጥያቄው የሚነበበው በሽተኛዋ ፊት ነው።

«ሲጠይቋት ትጫወታለች፣ ትስቃለች?» አለ ነርሱ።

«ሶስት ይበሉት» አለች እህቷ።

«ስለ ወደፊት ኑሮዋ ታወራለች?»

«እሱንም ሶስት።»

ሲናደዱባት ትታገሳለች ወይ ለሚለው ሁለት ሰጠች፤ ልብስ ሰፊዋ በልቧ «እውነቷን ነው» ብላ ይቅር አለቻት። በእጇ ሰርታ ለመኖር ትችላለች ወይ ለሚለው ሶስት። አስራ አንድ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿን ከጠረጴዛው ስር ታጥፋለች፤ ሶስት ቀርቷታል።

«የመጨረሻው። ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ሰው አለ?»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ይሄ ደግሞ ጥያቄ ነው እንዴ! አራት በላ።»

ነርሱም ፈገግ ብሎ እርሳሱን አራት ላይ አሳረፈ። እህቷ ግን የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«መልሺለት እንጂ እትዬ።»

«ዜሮ» አለች እህቷ።

«ምናልባት ጥያቄው ግልጽ አልሆነልዎትም» አለ ነርሱ። «ልጅ አለቻት አይደል?»

«አለቻት።» እህቷ ቀና አላለችም። «ግን ልጅቷ እናቴ ሞታለች ብላ ነው የምታውቀው።»

እህቷ የዓመታት ሸክሟን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። «ምን ላድርግ? የእብድ ልጅ እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጧት። ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ሞታለች ስላት አለቀሰች፣ ከዚያ ወጣላት። ለቅሶም ተቀምጠናል፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አጽናንቶናል። አሁን እማዬ የምትለው እኔን ነው። ይዤሽ ብገባ ማን ናት ልበላት?»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእህቷም እንባ ከአንጀቷ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ዓይኗ ደረቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለገች።

«መቼ ነው የሞትኩት?»

«ሁለት ዓመት ሆነሽ። ትምህርት ሲከፈት።»

«ያኔ ሰፍቼ የላክሁላት ዩኒፎርምስ?»

«ለብሳዋለች። ከገበያ ገዛሁት አልኳት። በጣም ነው የወደደችው።»

ነርሱ እርሳሱን ከአራቱ ላይ አንስቶ ለአፍታ አመነታ። ዜሮዋን ሶስት ለማድረግ የሚያግደው አልነበረም። ግን ወረቀቱ ስራውን በሚገባ ሰርቷል፤ በሶስት ዓመት ምርመራ ማንም ያላየውን አሳይቷል። ዜሮ ጻፈና ደመረ። አስራ አንድ። እህቷ ቃሏ እውነት መሆኑን ፈረመች።

አንድ ነገር ይቀር ነበር። የጠዋቱ የመጀመሪያ ጥያቄ መዝጊያ ላይ ይደገማል፤ መልሱ ከጠዋቱ ጋር ይመሳከራል፣ ደንቡ ነው። ጠዋት አራት ብላለች።

«አሁን ያለሽን ስሜት» አለ ነርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዜሮ እስከ አራት ስንት ትሰጪዋለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ እህቷ ዞረች። «ቁመቷ የት ደረሰ?»

«እ?»

«የልጄ ቁመት። እዚህ ስገባ አንድ ሜትር ከአስራ አራት ነበረች። ተነሺና አሳዪኝ።»

እህቷ ግራ እየተጋባች ተነሳች፤ መዳፏን በትከሻዋ ልክ አየር ላይ ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ ሳበችና ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ጫፉን በጉልበቷ ረግጣ ሌላውን ወደ ላይ እስከ መዳፉ ወጠረችው።

«እጅሽን አታወዛውዢው እትዬ። ጨርቅ ይበላሽብኛል።»

«መልስሽን እየጠበቅሁ ነው» አለ ነርሱ።

ዓይኗን አጥብባ ቁጥሩን አነበበች።

«አንድ ሜትር ከሰላሳ አንድ» አለች። «ጻፈው።»

ነርሱ እርሳሱን እንደያዘ፣ ወረቀቱ ላይ የሚጽፍበትን ቦታ ፈለገ።