ሠላሳ አንድ ትምህርቶች

መጋረጃ ሰፊዋ ያን ማክሰኞ ጠዋት ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ የታዘዘ አሥራ አንድ መጋረጃ ይዛለች። ማዳመጫ በሁለቱም ጆሮዋ ሰክታለች፤ ሽቦው በትከሻዋ ወርዶ ጨርቅ መደርደሪያው ላይ ከተቀመጠው አሮጌ ላፕቶፕ ይገባል። እዚያ ውስጥ ባሏ ያስተምራል።

«እንግዲህ ልብ በሉ፣» ይላል ባሏ፣ «ይህ ማዕዘን ከዚያኛው ጋር እኩል ከሆነ፣ ቀሪው...»

ቀሪው ምን እንደሚሆን ሳይናገር ድምፁ ተቆረጠ። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ከላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር መጣ፤ ሰው በጥፍሩ ጠረጴዛ ሲመታ ዓይነት።

እሷ የጀመረችውን ጠርዝ እስከ ዳር ሰፍታ ጨረሰች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ ተነስታ ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው። በጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ «የምነሳበት ነገር አጣሁ» ነው ነገሩ። መልሳ አጠፋች፣ መልሳ አበራች። ቀጭ፣ ቀጭ። «እሺ፣» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፤ ሁለተኛውን መጋረጃ ጎትታ አነሳች።

የዚያ ድምፅ ባለቤት ከእሷ አምስት እርምጃ ርቆ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የጂኦሜትሪ መምህር ነበር። አንደበተ ርቱዕ የሚሉት ዓይነት፤ ሰነፉን ተማሪ ሳይቀር በወሬ አባብሎ ክብ የሚያስሥል። ከሥራ መልስ ትምህርቶቹን በላፕቶፑ እየቀዳ ያስቀምጥ ነበር። ሰማኋቸው የሚል ሰው ግን የለም፤ «አርባ ሳይሞሉ አንድም አላወጣም» ብሎ ነበራ። ሠላሳ አንድ ላይ ደርሶ ሳለ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር፣ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ።

ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁ ሰነፈ፤ በከዘራም ቢሆን ይሄዳል። ቃላቱ ግን እንደተደፋ የመርፌ ቆርቆሮ ተበተኑበት። ስኳር ለማለት «ወንበር» ይላል። አንድ ቀን ሚስቱን «መስኮት» ብሎ ጠርቷት ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል። ያ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ኋላ ሳቁም ቀረ። እሱ አንድ ቃል ሲያምጥ እሷ ከአፉ ነጥቃ ትጨርስለታለች። «ው... ው...» ሲል፣ «ውሃ? ይኸው» ትለዋለች፤ ሥራ ይጠብቃታላ። ውሃውን ሰጥታው ማዳመጫዋን ትሰካለች። ስለ ክብም ስለ ማዕዘንም የሚገባት ነገር አልነበረም። ድምፁን ነበር የምትሰማው። ለእሱ ግን ሙዚቃ ነው ብላዋለች።

ሐሙስ ዕለት ላፕቶፑን በመጋረጃ ቁራጭ ጠቅልላ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኟ ወሰደችው። ጠጋኟ አርባን የረገጠች፣ ብሎኖቿን በመድኃኒት ብልቃጥ ክዳኖች ለይታ የምትደረድር ሴት ናት። ላፕቶፑን አበራችና ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች።

«ሃርድ ዲስኩ ነው፣ እትዬ። ውስጡ እንደ ሳህን የሚሽከረከር ነገር አለ፤ በላዩ ላይ የሚያነብ ቀጭን ክንድ። ክንዱ ወድቆበታል። ሳህኑን ሳይፍቀው አልቀረም።»

«ድምፁስ?»

«የምን ድምፅ?»

«የባለቤቴ። ሠላሳ አንድ ትምህርት ነው።»

ጠጋኟ ቀና ብላ አየቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ነፍሳቸውን ይማር። ቆዩ ካረፉ?» አለች።

«አልሞተም። ቤት ነው፣ ምሳ እየጠበቀ ነው።»

ጠጋኟ የምትገባበት ጠፋት። «ይቅርታ፣ እትዬ... ሌላ ቦታ ያስቀመጡት ቅጂ የለም? ፍላሽ ላይ? ስልክ ላይ?»

«የለም።»

«አቧራ በማይገባበት ክፍል ከፍተው የሚሞክሩ ባለሙያዎች አሉ፣ ሌላ ከተማ። ከፈለጉ እልክልዎታለሁ። ግን ተስፋ አልሰጥዎትም። እስከ ቅዳሜ አስበው ይንገሩኝ።»

ማልቀስ ካለባት አሁን እንደሆነ መጋረጃ ሰፊዋ ታውቃለች። ትንሽ ጠበቀች። የመጣ ነገር የለም። ሱቁ በር ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ቀና ብላ አይታ፣ «ይኸ መጋረጃሽ ተገልብጦ ነው የተሰፋው» አለቻትና ወጣች።

መንገድ ላይ ታናሽ እህቷ ደወለች። ነገሩን ስትሰማ ጮኸች።

«ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ስንቴ ነግሬሻለሁ!»

«አንድም ቀን አልነገርሽኝም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ይኸው አሁን ነገርኩሽ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

እህትየው ሳቀች፤ ወዲያው ደንገጥ ብላ፣ «ደህና ነሽ ግን?» አለች።

«ደህና ነኝ።»

አልዋሸችም። ደህና ነበረች፣ ማደንዘዣ የተወጋ ድድ ደህና እንደሚሆነው። ምሳ አቀረበች። እጁን አስታጠበችው። ሰሃን አጠበች። የጥርስ ክሊኒኩን ስድስተኛ መጋረጃ ሰፋች፤ ሰባተኛውንም።

ዓርብ ጠዋት ስምንተኛውን ስትሰፋ የከዘራው ድምፅ መጣ። ባሏ ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቧ ቆሟል። ግራ እጁን ሰድዶ ከጆሮዋ የወረደውን ሽቦ ያዘና ቀስ ብሎ ሳበው። ጫፉ ከሽርጧ ኪስ ወጣ። ምንም ላይ አልተሰካም። ማክሰኞ ከነቀለችው ወዲህ እንዲሁ ጆሮዋ ላይ አድርጋው ስትሰፋ እንደነበር ያኔ ገና ልብ አለች።

«ባ... ባዶ» አለ ባሏ።

«ላፕቶፑ ተበላሸ» አለችው። «ያንተ ትምህርቶች እዚያ ነበሩ። ጠፍተዋል። ጠጋኟ ሌላ ከተማ ላሉ ባለሙያዎች ልላከው ብላ ነበር፤ ተስፋ ግን አልሰጠችኝም።»

ፊቱ አልተለወጠም።

«ሙዚቃ አልነበረም የምሰማው።»

«አው... አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ? ከመቼ ጀምሮ?»

እጁን በአየር ላይ አወናጨፈ፤ ከድሮ ማለቱ ነው። ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ አልመጣም። እሷም እንደ ልማዷ፣ «ተናደድክብኝ?» ብላ ልትጨርስለት ስትል ከዘራውን ወለሉ ላይ ደበደበው። ከናፍሩ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ሥር ያለው ጅማት ተገተረ። የስፌት መኪናው አምፖል በመካከላቸው ይበራል።

«እሱን... ትሰሚዋለሽ» አለ በመጨረሻ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔን... ትጨርሺኛለሽ።»

እጆቿን ጨርቁ ላይ አስቀምጣ ቁልቁል አየቻቸው። ቢቆነጥጧትም የሚሰማት አልመሰላትም። ቢሆንም አልተነሳችም፤ ሥራ አለብኝ አላለችም። እሱ ቆሞ ሌላ ቃል ሲፈልግ ጠበቀችው። በሰፈሩ ያለ ሻጭ ሁሉ በመስኮቱ ሥር ያለፈ እስኪመስላት ጠበቀች።

«ላ... ላኪው» አለ።

«ሃርድ ዲስኩን? ለምን? አሁን እኮ...» አፏን ያዘች።

«ለ... ለልጆቹ።»

ተማሪዎቹን ማለቱ ነበር። ቅዳሜ ጠጋኟ ዘንድ ሄዳ «ላኪው» አለቻት። ጠጋኟ መጋረጃዋን አውርዳ ጠቅልላ ጠብቃታለች፤ «እትዬ፣ ይቺን ቢያቀኑልኝ» አለቻት። ይዛላት ተመለሰች።

አምስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት ያለ ማዳመጫ ሰፋች። ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር። ባሏ ሲናገር አንዳንዴ ትጠብቀዋለች፣ አንዳንዴ ትረሳና ትነጥቀዋለች፤ ሲነጠቅ ከዘራውን ይደበድባል። ሌሊት ተኝታ ታድራለች፣ ጠዋት ትነሳለች። እህቷ ስትጠይቃት አሁንም «ደህና ነኝ» ትላለች።

ከዚያ ጠጋኟ ደወለች። ከሠላሳ አንዱ አራት ወጥተዋል፤ ከአራቱም አንዱ መሃሉ ተበልቷል።

አዲስ ሃርድ ዲስክ የገባለትን ላፕቶፕ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ሽቦ አልሰካችም። ባሏ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። የተበላው ትምህርት ተከፈተ። «በግማሽ ክብ ውስጥ የሚቀመጥ ማዕዘን ምንጊዜም ዘጠና ዲግሪ ነው» አለ የድሮው ድምፅ፣ እየተዝናና። «ለምን? ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ እነግራችኋለሁ...» ከዚያ ጭርርር የሚል ነገር፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ «...እንግዲህ ይኸው ነው» አለና አለቀ።

ባሏ ተናደደ። ከደም መፍሰሱ ወዲህ እንዲህ ሲናደድ አላየችውም። ጠረጴዛው ላይ ከተጣለው የጨርቅ ጠመኔ አንዱን በግራ እጁ አንስቶ፣ ለሰኞ ሊደርስ በተዘረጋው ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ክብ ሣለ። ክቡ ድንች ይመስላል። መሃሉን ከዳር እስከ ዳር በመስመር ከፈለው፤ ከላይ አንድ ነጥብ አኖረ፤ ከነጥቡ ወደ መስመሩ ሁለት ጫፎች ሁለት መስመር አወረደ። ጨርቁ የደንበኛ ነው ልትል ነበር። አላለችም።

ከክቡ መሃል ወደ ነጥቡ አንድ መስመር ጨመረ።

«ሬ...» አለ። «ሬ...»

ልትጨርስለት ብትፈልግም አትችልም ነበር። ቃሉን አታውቀውም።

«ሬድ... የስ» አለ፣ በላብ ተጠምቆ። ጣቱን በግራ በኩል በወጣው ጎነ ሦስት ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ በቀኝ በኩል ባለው። ሁለቱም ሁለት ሁለት እኩል ጎን እንዳላቸው ለማስረዳት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀበት። ገባት ማለት አይቻልም። ግን የቱ ጎን ከየቱ ጋር እኩል እንደሆነ ስትስት ጠመኔውን ወስዶ እንደገና ይሥልላት ነበር፤ እሷም ጎንበስ ብላ ታይ ነበር።